የቃሬዛው ራስጌ

አጭር ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጨዋታ አይደለም፤ ስንቱ ታማሚ የመጨረሻ ቃሉን ለምን እኔ ጆሮ ውስጥ እንደጣለ ማስረዳት ስላለብኝ ነው።

ደሴ ተዳፋት ላይ የተለጠፈች ከተማ ናት። እኛ የምንኖርበት የሆጤ ላይኛው ጥግ ደግሞ ከተዳፋትም ተዳፋት ነው፤ መኪና ቀርቶ በቅሎም እያለከለከች ነው የምትወጣው። በደርግ ጊዜ እዚያ ሰፈር የታመመ ሰው ወይ ቤቱ ተኝቶ አላህን ይጠብቃል፣ ወይ በእኛ ትከሻ ሆስፒታል ይወርዳል። እኛ ማለት አሥራ ሁለት ወንዶች ነን። የወጣነው ከቅሬው ነው፤ ቅሬ ማለት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ሟቹን የሚቀብርበት የሰፈር ማኅበር ነው። የቅሬያችን ዳኛ ጨው ነጋዴው ሐጂ ነበሩ፤ አያታቸው ከየመን የመጡ፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሽማግሌ። አንድ ቀን ከቀብር ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሙና፣ "ሬሳ ለመሸከም እንዲህ የምንሻማ ሰዎች፣ ሰውዬው በሕይወት እያለ የት ነበርን?" አሉ። በሳምንቱ ከመካከላችን አናጢ የሆነው ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ልጦ፣ አሮጌ የድንኳን ሸራ ወጥሮ ቃሬዛ ሠራ። ለሬሳ እንዳይውል ተማማልን። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ደንባችን አልተጻፈም። የጠራን ማንም ይሁን ማን እንሄዳለን፤ ሃይማኖቱን አንጠይቅም፣ ጠባዩንም አንጠይቅም። ከሕመምተኛ ቤት ውሃ እንኳ አንቀምስም። ደጃፍ ስንረግጥ ደግሞ ዐይናችን መሬት ነው፤ የድሃ ጓዳ እንደ ሱቅ አይቃኝም ይሉ ነበር ሐጂ። እኔ አንድ ተጨማሪ ደንብ ነበረኝ፤ እሱም ከቁመቴ የመጣ ነው።

ነገሩ ይኼ ነው። ቃሬዛ ቁልቁል ሲወርድ ረጃጅሞቹ ከፊት፣ አጫጭሮቹ ከኋላ ይሆናሉ፤ አለዚያ ታማሚው ተንሸራቶ ይወርዳል። የታማሚው ራስ ምንጊዜም በላይ በኩል ነው። ስለዚህ አጭር ሰው ሁልጊዜ ከራስጌ ነው። ከራስጌ ሁለት ነበርን፤ በግራ ቀጥቃጩ፣ በቀኝ እኔ። ቀጥቃጩ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲደበድብ ጆሮው ተደፍኖ፣ ጠመንጃ ቢተኮስ ዞር የማይል ሰው ነበር። ቃሬዛው ላይ የሚነገረውን የምሰማው እንግዲህ እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው።

የታመመ ሰው ያወራል፣ ወላሂ፣ ጤነኛው የማያወራውን ያወራል። ከሃያ ዓመት በፊት ስላስቀየመው ወንድሙ፣ ስለ ጠፋች ላሙ፣ ሳያገባት ስለቀረችው ሴት። ከሁሉ በላይ ግን ስለ በር ነው የሚያወራው። "በሩን ዘግታችኋል? ቁልፉን ማን ያዘ?" ነፍሱ በአፍንጫው ስር ሆና ስለ ቁልፍ ይጨነቃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሰማሁትን ሁሉ ይዤ እቤቴ እየገባሁ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ጊዜማ የአንድ ታማሚ ቃል ለሚስቱ አድርሼ ትዳራቸው ለጥቂት ከመፍረስ ተረፈ። ሐጂ ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦ "ለሕመምተኛ እሺ በል። አትጠይቀው፣ አትከራከረው፣ እሺ በለው። ሆስፒታሉ በር ላይ ስታወርደው የነገረህንም አብረህ አውርደው።"

ለመድኩት። አፌ እሺ ይላል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ይውላል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የለመድኩት። ደክሞኝ ነበር። ይህን ደጋግሜ ብለው አትታዘቡኝ፤ ሌላ የማቀርበው ምክንያት የለኝም።

ያን ጊዜ ኮምቦልቻ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ስድስት ቀን ኩንታል እሸከማለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ሐረጎን እወጣና ደሴ እገባለሁ። እሑድ ሰው እሸከማለሁ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ እንደገና ቁልቁል። ሚስቴ "አንተ ሰውዬ፣ እኔ ያገባሁት ትከሻህን ብቻ ነው እንዴ?" ትለኝ ነበር። ምን በወጣት፤ እሑድ ማታ ራት ሳልጨርስ ነበር እንቅልፍ የሚጥለኝ።

መቼም ቀበሌው ሳይሰማ አይቀርምና ሰማ። እነሱ ያላቋቋሙት ስብስብ እንዴት ይኖራል! አንድ ቀን አዳራሽ ተጠርተን "የበጎ ሥራ ክበብ" ተባልን፣ ተጨበጨበልን፣ ሊቀመንበር ተሾመልን። "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" የሚል የተጻፈበት ቀይ ጨርቅም ተሰጠን። ጨርቁ ከቃሬዛው ይረዝማል። አናጢው ቀስ ብሎ "ይኼን በሽተኛ ብናለብስበት አይሻልም?" ሲል ሐጂ ክርናቸውን ጎኑ ላይ ሰኩበት።

ሊቀመንበራችን ክፉ ሰው ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሰነፍና ፈሪ ነበር። ሸክም ሲመጣ ወገቤን ይላል፣ ምግብ ሲመጣ ቀድሞ ይቀመጣል። ሰው ስናወርድ እሱ ወረቀት ይዞ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ጣጣው ወረቀቱ ነው። የታማሚው ቤት ቁጥር፣ የሕመሙ ዓይነት፣ ከሥር ደግሞ "በቤቱ የታዩ ወጣቶች" የሚል መስመር ነበረው። የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ የበረታበት ጊዜ ነው፤ ጎረምሳ ከገበያም ከመስጊድ ደጅም እየተለቀመ ይጫናል። እኛ ደግሞ በየቤቱ የምንገባ ሰዎች ነን።

"ስንት ወጣት አያችሁ?" ይላል ሊቀመንበሩ።

"መሬት ነው ያየነው" ይላሉ ሐጂ።

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም። ግንባራችንን ከየቤቱ ጉበን ጋር የምናጋጨው ለምን ይመስልሃል?"

ያን መስመር ባዶውን ይተወዋል። ከእኛ ጋር መጣላትም አይፈልግም፤ እናቱን አንድ ቀን ማን ያወርድለታል?

ያን እሑድ ከጠዋቱ ጀምሮ ሁለት ሰው አውርደናል፤ አንዲት ምጥ የጠናባትና አንድ እግሩ የተሰበረ ሽማግሌ። ሦስተኛው ጥሪ የመጣው ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። የበርበሬዋ እትዬ ታመሙ ተባለ። እኚህ ሴት በርበሬና ቅመም እየቸረቸሩ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሳደጉ ባልቴት ናቸው። ትልቁ ሰሜን ዘምቶ ቀረ። ትንሹ፣ ሃያ ያልሞላው፣ አፈሳው ሲጀመር ጠፋ፤ "በአሰብ በኩል ኮበለለ" ተባለ። ሊቀመንበሩ ሦስት ጊዜ ቤታቸውን አስፈትሾ ባዶ እጁን ተመልሷል። "ልጅሽ የት ገባ?" ሲላቸው "እኔ ምን አውቄ፣ ክንፍ አውጥቶ ይሆናል" ይሉት ነበር።

ልጁ ክንፍ አላወጣም። ጓሮ፣ የማገዶ ቤቱ ውስጥ ነበር። እናቱ ጠዋት ጠዋት ምግብና ውሃ ያስገቡለትና በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፉታል። ፈታሾቹ ጓጉንቸሩን ሲያዩ "ከውጭ ተቆልፏል፣ ሰው የለበትም" ብለው ያልፋሉ። ቁልፉ ከእናትየው አንገት አይወርድም። ይህን ሁሉ ኋላ ነው ያወቅኩት። ያን እሑድ ስንገባ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ከንፈራቸው ነጥቶ መሬት ላይ ተጋድመው ነበር። አነሳናቸው። እኔ መሬት ነው ያየሁት።

ገና ከግቢው ሳንወጣ ማውራት ጀመሩ። ሊቀመንበሩ ከፊት ስለሆነ ነው መሰል ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ አንገቴን ጎንበስ ካላደረግኩ አይሰማም። መንገዱን ሙሉ አላቋረጡም። እኔ የእግሬን ሥር ድንጋይ እያየሁ፣ መቼ አውርጃቸው በተኛሁ እያልኩ፣ "እሺ እትዬ፣ እሺ" እላለሁ። ነፃ የነበረውን እጄን ያዙና አንድ ነገር አስጨበጡኝ። እሺ አልኩ፣ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ጣልኩት። ታማሚዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ አንዱ የጸሎት መቁጠሪያ ሙስበሃውን፣ ሌላው ቀለበቱን ይሰጠኛል፣ እኔም በሩ ላይ ለዘመድ አስረክባለሁ። ለእሳቸው ግን ዘመድ አልተከተላቸውም። በሩ ላይ አወረድናቸው፣ ነርሶቹ ተቀበሉን፣ እኔም የነገሩኝን አብሬ አወረድኩት። እቤቴ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ተኛሁ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ሰኞን እንዳለ ኩንታል ስሸከም ዋልኩ። ልጁ ተቆልፎበታል።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት፣ የቁርስ እረፍት ላይ፣ መፋቂያዬን ልፈልግ ምስማር ላይ የሰቀልኩትን ካፖርት ኪስ ዳበስኩ። ቁልፍ ወጣ። በጥቁር ፈትል የታሰረ ትንሽ የጓጉንቸር ቁልፍ ነው። በርበሬ በርበሬ ይሸታል። የማን ነው ብዬ ጥቂት አሰብኩ፤ ከዚያ ከዚያ ሁሉ ወሬ መሃል ሦስት ቃል ብቻ ተመልሶ መጣልኝ፦ "በውጭ ቆልፌበታለሁ። ክፈትለት።"

ክፈተው አይደለም፣ ክፈትለት ነው ያሉት። ያ ረብ፣ ለማን? ብዬ አልጠየቅኩም፣ አወቅኩት። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። አንድ ማሰሮ ውሃ ለሰው ስንት ቀን ይሆናል?

የመጋዘኑ አለቃ ፊቴን ሲያይ "ማን ሞተብህ?" አለኝ። "እናቴ ታማብኛለች" አልኩ፤ እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ኬላው ላይ ስደርስ የሕዝብ መኪና ሁሉ ተደርድሮ ቆሟል። ወታደር የጫነ ኮንቮይ ወደ ሰሜን እያለፈ ስለሆነ እስከ ማታ መንገድ አይከፈትም ተባለ። በእግሬ ተነሳሁ። በአቋራጩ፣ በቀጥታ ወደ ሐረጎ።

ያንን ዳገት በመኪና ሺህ ጊዜ ወጥቼዋለሁ፣ በእግሬ ግን ያን ቀን ብቻ ነው። በላዬ ካሚዮኖቹ እየጓሩ ይጠማዘዛሉ። ከላያቸው የተደረደሩትን ልጆች አያለሁ፤ አንዳንዱ ጢም አላበቀለም፣ አንዱ እጁን አወዛወዘልኝ። እኔ ራሴን እየተሳደብኩ ነበር የምወጣው። አንተ ደንቆሮ፣ ቀጥቃጩ እንኳ ከአንተ ይሻላል፣ እሱ የማይሰማው ጆሮው ስለተደፈነ ነው! ውሃ ጠማኝና ወንዝ ዳር ጎንበስ ስል ልጁ ትዝ አለኝ፤ ሳልጠጣ ተነሳሁ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔ ባልጠጣ እሱን ምን ያረካዋል።

ሆጤ ላይኛው ሰፈር ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ከሩቅ ያየሁት የቅሬያችንን ድንኳን ነው፤ በእትዬ ደጃፍ ተተክሏል። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሆስፒታል አርፈው፣ ያኑ ቀን ተቀብረዋል። እኔ ያልነበርኩበት የመጀመሪያው የሰፈራችን ቀብር ነው። ድንኳኑ ሥር ወንዶቹ ተቀምጠዋል፣ ሐጂ ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። እጅ ነስቼ ጓሮ ዞርኩ፤ በውጭ የተቆለፈው በር የማገዶ ቤቱ ብቻ ነው፣ ጓጉንቸሩም እንደተንጠለጠለ ነው። በሩን ተደግፎ ደግሞ ሊቀመንበሩ በጥላው ተኝቷል፣ አፉ ተከፍቶ።

ወደ ሴቶቹ ተመለስኩ።

የሟች እህት ከገራዶ መጥተው ሴቶቹን ይመራሉ። ቀልጣፋ፣ ዐይናቸው ለቅሶ ያሳበጠው ሴት ናቸው። "አላህ ያጽናዎት እትዬ" አልኳቸው። "አሜን። አንተ ነህ አጭሩ? ያወረድካት አንተ ነህ አሉ፤ ጀዛከላህ ልጄ" አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ይኼ ሰውዬ ወራሽ የሌለው ቤት የቀበሌ ነው ይላል። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት የማገዶ ቤቱን ሰብሮ ንብረት ሊመዘግብ ነው። ቁልፉ ጠፍቷል" አሉኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። አፌን ያዝኩ፤ ግቢው በሰው ተሞልቷል።

አላህ ሲረዳ ንፍሮ ቀረበ። ንፍሮ ሲባል ሊቀመንበሩ ከእንቅልፉ ነቃ፣ ሱሪውን አራግፎ ወደ ድንኳኑ ሄደ። እኔ ለሶላት መታጠቢያ ውሃ የተሞላውን የውዱእ ማንቆርቆሪያ አንስቼ፣ ለሴቶቹ "እንጨት ልፈልግ" ብዬ ጓሮ ዞርኩ። ጓጉንቸሩን ከፈትኩት።

ውስጡ ኩበትና ጭራሮ ነው። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ከኩበቱ ክምር ኋላ፣ ጥግ ላይ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ነበር። የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ወትፎ ነክሶታል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እኔ መሆኔን እስኪለይ ድረስ ጋቢውን ከአፉ አላወጣም። ሰኞ ሴቶቹ ለእናቱ ሙሾ እያወረዱ ሲያለቅሱ፣ ጀናዛቸው መጥቶ ሲወጣ፣ ሁሉንም እዚያው ሆኖ ሰምቷል። እናቱ "እሳት ቢነሳ እንኳ ድምፅ እንዳታሰማ" ብለውት ስለነበር ድምፅ አላሰማም። እሑድ እኛ ስንገባም ሰምቶናል። ውሃውን ሰጠሁት፤ ቀስ እያለ ጠጣ።

"ቀበራችኋት?" አለኝ።

"ቀበርናት።"

እኔ አልነበርኩም ማለት አቃተኝ። ክንዱን ይዤ "ተነስ፣ በጓሮ አጥር ላውጣህ" ስለው ራሱን ነቀነቀ።

"ጋሼ፣ ሰው ሞልቷል። ያ ሰውዬ በሩን ተደግፎ ሲያንኮራፋ ሰምቼዋለሁ፤ ትከሻው ትከሻዬን ይነካኝ ነበር ማለት ይቻላል። መልሰህ ቆልፈው።"

"እንዴት ብዬ ነው የምቆልፍብህ?"

"መልሰህ ቆልፈው አልኩህ" አለኝ፤ ተቆጣኝ ልጁ።

እሺ አልኩት። ማንቆርቆሪያውን ትቼለት፣ ጭራሮ ታቅፌ ወጣሁ፤ ቆለፍኩበት። ስንት ሰው፣ ስንት ኩንታል የተሸከመ ትከሻ ያቺን ጭራሮ ይዞ ድንኳኑ ዘንድ መድረስ አቃተው።

ከዐሱር ሶላት በኋላ ሐጂን ከመስጊዱ ግድግዳ ሥር ለብቻቸው አቆምኳቸው። ቃሬዛ ላይ የሰማሁትን ለሰው ስናገር ከዚያች ከመጀመሪያዋ ጥፋቴ ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው። እሑድ እንደተነገረኝ፣ ሳልሰማ እንደቀረሁ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መሬት መሬቱን እያዩ ሰምተው አስጨረሱኝ።

"ይህን ደንብ ያወጣሁልህ እኔ ነኝ" አሉ። "ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሰዎቹን ጥራ። ከገራዶ የመጡት እህት በሐዘን ታመው ወደ ቤታቸው የሚሸኙ ናቸው በላቸው። ሌላ አትጨምር።"

"እሺ ሐጂ።"

ማለዳ ስምንት ሆነን ገባን። ቃሬዛውን ማገዶ ቤቱ ውስጥ አስገብተን አወጣነው፣ በሩንም መልሼ ቆለፍኩት፤ ለምን ከማገዶ ቤት ብሎ የጠየቀ የለም። ልጁ በብርድ ልብስ እስከ ራሱ ተሸፍኗል፣ ከላይ የአክስቱ ነጠላ ጣል ተደርጎበታል። አክስትየው፣ ሐጂ ማታውኑ ነገሩን ነግረዋቸው፣ እቤት ውስጥ ሴቶቹ መሃል ቀሩ። ስናነሳ ቀጥቃጩ በጎን አየኝ። ዕድሜውን ሙሉ ክብደት ሲመዝን የኖረ ሰው ነው፤ የሴትና የጎረምሳ ሸክም ይጠፋዋል? ዐይኑን መልሶ መሬት ተከለ።

ደጃፉን ሳንሻገር ሊቀመንበሩ መዶሻ ይዞ ብቅ አለ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ብርድ ልብሱ አጥሮ የልጁ ተረከዝ ወጥቷል፣ እንደ ድንጋይ የተሰነጣጠቀ የወንድ ተረከዝ! አናጢው ከኋላ መጣና ቀበሌው የሰጠንን ቀይ ጨርቅ ዘርግቶ ከእግሩ እስከ ደረቱ አለበሰው። "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" የሚለው ጽሑፍ ከላይ ሆኖ ይነበባል።

"ማናት?" አለ ሊቀመንበሩ።

"መሬት ነው ያየነው" አሉ ሐጂ።

ሰውዬው ጨርቁን ሲያይ ፊቱ በራ። "እንዲህ ነው እንጂ! መፈክር ማለት ለዚህ ነው" አለና መዶሻውን አስቀምጦ፣ ወረቀቱን አውጥቶ ከፊት ከፊታችን ሄደ። እስከ ቀበሌው ዳርቻ ሸኘን። ከሸካሚዎቹ የሰማውን ይዞ "አንዲት ሴት፣ የሐዘን ሕመም" ብሎ ጻፈ። እኛ ወደ ገራዶ ቁልቁል ስንወርድ እሱ በሩን ሊሰብር ተመለሰ፤ ኩበትና አንድ ማንቆርቆሪያ ነው ያገኘው።

መንገዱ ረጅም ነው። ራሱ ከክንዴ ሥር ነበር። ይናገራል ብዬ ጆሮዬን አዘንብዬ ነበር የሄድኩት፤ ያን ቀን ማንም ታማሚ ቢናገር ቃሉን በሙሉ እሰማ ነበር። ልጁ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ትንፋሹ ብቻ ብርድ ልብሱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል።

ገራዶ፣ አክስቱ ግቢ ውስጥ አወረድነው። ስምንታችንም ፊታችንን አዞርን፤ ማንነቱን ያየ እንዳይኖር። ሌሎቹ ቃሬዛውን ይዘው ቀድመው ወጡ። ለታማሚዋ የምመልሰው ቁልፍ አለኝ ብዬ እኔ ወደኋላ ቀረሁ፤ ከኪሴ አውጥቼ ለራሱ ሰጠሁት። ፈትሉን አገላብጦ አየው፣ አሸተተው።

"ጋሼ፣ እሑድ ከራስጌ የነበርከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን አለች?"

ከግቢያቸው እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሲናገሩ ነው የሄዱት። ልጃቸው የተደበቀበትን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የሚሞቱም መስሏቸው ይሆናል፤ ለእሱ የሚደርስ ነገር ሁሉ እኔ ጆሮ ውስጥ ነበር የገባው። እኔ እሺ፣ እሺ ስል ነበር። አሁን እሑድን ወደኋላ ብዳብሰው፣ ብዳብሰው የራሴ እሺታና የእግሬ ሥር ድንጋይ ብቻ ነው የሚወጣው።

"ክፈትለት አሉኝ" አልኩት።

"ሌላስ?"

ዐይን ዐይኔን ያየኛል። ደክሞኝ ነበር ልለው አፌን ከፈትኩ፤ አቃተኝ።

"ሌላው ሁሉ ስለ አንተ ነው" አልኩት።

እንዳላወቅኩ አወቀ መሰለኝ። ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረና፣ እኔ ለእናቱ እመልስ በነበረበት በዚያው ድምፅ፣ "እሺ" አለኝ።